የጤናዬ አምስት ጧፎች

የዳቦው ዋሊያ ግራ ቀንዱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ አገርነሽ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ገና ሳይነጋ ጀምራ ቆማለች። ሊጡ እሳት ሲያገኘው አብጦ ዋሊያነቱ ቀርቶ እርጉዝ በግ መስሎ ነበር የወጣው። ቀንዶቹን ለብቻ ጋግራ በስንደዶ እየሰካች ስታቆም በሩ ተንኳኳ።

የቀበሌው ዘበኛ ዝናቡ ነው። ጠመንጃውን እንዳነገተ የታጠፈች ወረቀት ዘረጋላት።

"ይችን አድርስ ተብዬ ነው። ዛሬ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ቢሮ ትመጫለሽ።"

"ስለምንድን ነው ዝናቡ?"

"እኔማ ፊደሉን ገና መቁጠሬ ነው፤ ማን ይነግረኛል?" ዓይኑ በትከሻዋ ላይ አልፎ ዳቦው ላይ አረፈ። "ዋሊያ ነው?"

"ዋሊያ ነው።"

"ቀንዱ ወደ ኋላ ነው የሚቆለመም። አንች ወደ ፊት አዙረሽዋል" አላትና ሄደ።

ወረቀቷ ላይ "የዘማች ሸጋው ቢራራ ቤተሰብ" የሚል ስምና ማኅተም እንጂ ሌላ ነገር የለም። ሸጋው ባሏ ነው። ከዘመተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ የመጨረሻው ደብዳቤው የመጣው ሰኔ ላይ ነበር፤ ዛሬ ጥር ሃያ አንድ፣ ሰባት ወር ሆነው። አገርነሽ ቆማ ራሷን ልታጽናና ሞከረች። መርዶ ቢሆን ሽማግሌዎች በማለዳ ይመጡ ነበር እንጂ በወረቀት አይጠሩም። የስኳር ራሽን ሊሆን ይችላል፤ የደመወዙ ተቆራጭም ሊሆን ይችላል። ግን ጎረቤቷ ታንጉትም ባለፈው ጥቅምት እንዲሁ በወረቀት ተጠርታ ነው ማቅ ለብሳ የተመለሰችው።

ወረቀቷን ጡቷ ሥር ሸጎጠቻት። ልጇ ጤናዬ ዛሬ አምስት ዓመት ይሞላታል፤ ስምንት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ሕፃናት ይመጣሉ። አሁን ሄዳ ያ የምትፈራው ነገር ከሆነ፣ ጥር ሃያ አንድ ለዚች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ የለቅሶ ቀን ሆኖ ይቀራል። ከልደቱ በኋላ እሄዳለሁ አለች፤ ደግሞም ብቻዬን። እውነቱን ለመናገር መሄዱንም ፈርታ ነበር።

ደባርቅ ውስጥ የልጅ ልደት የሚያውቅ ሰው በጣት ይቆጠራል። ልጅ በየትኛው ታቦት ቀን እንደተወለደ ይታወቃል፤ ዓመቱን ማን ይዞት? ይህን ጣጣ ከጎንደር ያመጣችው ራሷ አገርነሽ ናት። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት የሦስት ወር ሥልጠና ስትወስድ ከጭቃ አሻንጉሊት መሥራት፣ ከጋዜጣ ቆብ ማጠፍ ተማረች። ከዚያ ወዲህ የባለ ሥልጣኑም የነጋዴውም ሚስት "እስቲ ለልጄ ያንን ነገር አድርጊላት" እያለች ትጠራታለች። ክፍያው ብዙውን ጊዜ "እግዜር ይስጥልኝ" ነው። የሰው ልጅ ስታስቦርቅ ከርማ ለራሷ ልጅ ሲደርስ ጉልበቷ አልቋል።

የጋዜጣ ቆቦቹን አጥፋ ጨረሰች። እያንዳንዱን ገጽ ግራና ቀኝ እያገላበጠች ነበር፤ የመሪው ፎቶግራፍ ያለበት ገጽ የሕፃን ቆብ ሆኖ ቢገኝ ማን ያስረዳላታል? አሥር ቆብ ለመሥራት ሰባት ጋዜጣ ፈጀች።

እኩለ ቀን ላይ አማቷ ወይዘሮ ገበያነሽ ማርያምን አንግሠው ተመለሱ። ከነጠላቸው ጫፍ ሁለት ጧፍ ፈትተው ሰጧት።

"ሻማ ከሱቅ ጠፋ ስትይ ሰምቼ ነው። ለልጄ ስለት ከወሰድሁት የተረፈ ነው። ለልጅቷም ይብራላት፣ ምን ከፋው።"

"እግዜር ይስጥልኝ እማማ።"

"ምነው ፊትሽ? አመድ መስለሻል።"

"ድካም ነው።"

ጧፎቹን አምስት ቦታ ቆርጣ በዋሊያው ጀርባ ላይ ተከለቻቸው። ዋሊያው የሚቆምበትን ትልቁን ድፎ ነጭ ዱቄት ነሰነሰችበት፤ የስሜን ተራራ ውርጭ መሆኑ ነው። ቀንዶቹንም ዝናቡ እንዳለው ወደ ኋላ አዞረቻቸው። ዘበኛው እውነቱን ኖሯል፤ እንስሳው ወዲያው ዋሊያ ሆነ።

ልጆቹ መጡ። በጆንያ ውስጥ ሆነው ዘለሉ፣ ዓይናቸውን ታስረው ወረቀት ላይ በተሣለች ጭራ የሌላት አህያ ላይ ጭራ ለጠፉ፣ ሁለቱ ተጣልተው ታረቁ። አገርነሽ አጨበጨበች፣ ዘፈነች፣ ንፍጥ ጠረገች። ወረቀቷ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ትወጋታለች።

ከዚያ ጧፎቹን ለኮሰች። ጤናዬ ይችን ሰዓት ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ኅዳር ላይ የአስተዳዳሪው ልጅ ሻማ ስታጠፋ አይታ፣ ከዚያ ወዲህ አያቷ ሲፈትሉ የሚወድቀውን የጥጥ ብናኝ እፍ እያለች ስትለማመድ ነበር። አያቷም ጨዋታ መስሏቸው ይስቁ ነበር። አሁን ጉንጯን ነፍታ ጎንበስ ስትል ነው የገባቸው።

"ምን ልትሆን ነው? አገርነሽ! ምን ልታደርግ ነው?"

"ሻማዋን ልታጠፋ ነው እማማ። ልደት ሲሆን እንዲህ ነው።"

"የማርያም ጧፍ? በትንፋሿ?" ልጅቷን በትከሻዋ ያዟት። "አባቷ ያለበትን እያወቅሽ፣ ለሱ የተሳልሁትን መብራት በገዛ ልጁ አፍ ታስጠፊብኛለሽ?"

ጤናዬ ጉንጯ እንደተነፋ ዓይኗ እንባ ሞላ። አገርነሽ መምህርት ናት፤ "ይህ ኋላ ቀር እምነት ነው" የሚለውን ቃል በየስብሰባው ስትሰማው ኖራለች፤ አፏ ላይም መጥቶ ነበር። ግን እሷም ፈራች። ወረቀቷን በልብሷ ላይ በእጇ ደገፈችና አምስቱ ነበልባሎች ላይ አፈጠጠች፤ ማንም እንዲያጠፋቸው አልፈለገችም።

"ጤናዬ፣ እንደሱ አይደለም" አለች። "መብራቱን አይደለም የሚነፉት። ያ ውርጩ ይታይሻል? ዋሊያው በርዶታል። ውርጩን እፍ በይለት።"

ልጅቷ ጥቂት አሰበችና ያጠራቀመችውን ትንፋሽ ሁሉ ለቀቀችው። ዱቄቱ ቦነነ፤ ማዶ የተቀመጡት ልጆች ፊታቸው ነጭ ሆነ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ገበያነሽ ሳይቀሩ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አገርነሽ ዳቦውን ከታች በኩል ቆርሳ አደለች።

አሥር ሰዓት ሲሆን ልጆቹ ተሸኙ። ታንጉት በጥቁር ልብሷ ልጇን ልትወስድ መጥታ በር ላይ ቆማለች። አራቱ ጧፎች አልቀው አንዷ ብቻ፣ ረዘም ተደርጋ የተቆረጠችው፣ ትበራለች። አገርነሽ ነጠላዋን አነሣች፤ "ሱቅ ደርሼ መጣሁ" ልትል ነበር። አማቷ ከምንጣፉ ላይ ፍርፋሪ እየለቀሙ ነው። ጎንበስ ያለ ጀርባቸውን ስታይ ያ ውሸት አልወጣ አላት። ወረቀቷን አወጣች።

"እማማ፣ ቀበሌ ጠርተውናል። ስለ ሸጋው ነው።"

ቀና አሉ። "መቼ?"

"ጠዋት።"

"ከጠዋት ጀምሮ ይህን ይዘሽ ነው ስታጨበጭቢ የዋልሽ?"

"አዎ እማማ። ብቻዬን ልሄድ ነበር። አልቻልሁም፣ አብረን እንሂድ።"

አሮጊቷ ወቀሳ ያዘሉ መስለው ነበር፤ ግን እጃቸውን ዘረጉላትና ተደግፈው ተነሡ። ታንጉት ወረቀቷን አየች፣ ማኅተሙን አወቀችው። ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

"ከልጆቹ ጋር እኔ እቆያለሁ" አለች።

"እማዬ፣ ይችን አንዷን እንኳ ላጥፋት?" አለች ጤናዬ።

"ተያት። ራሷ ትጨርስ።"

አገርነሽ አማቷን በክንዷ ይዛ ወጣች። ደጅ የደባርቅ የማታ ነፋስ ተነሥቷል፤ መብራቷን እንዳይነካት ተመልሳ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።