የአያ ይሻው መሐላ

ዶክተር አለምነው አሳማ መንካት እንደማይወድ በእንስሳት ጤና ቢሮው ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። አይወድም ማለት እንኳ ያንስበታል፤ ስሙ ሲነሳ ፊቱ ይኮማተራል። ላም ምጥ ሲጠናባት እጅጌውን ሰብስቦ እጁን እስከ ክንዱ የሚያስገባ ሰው፣ ለአሳማ ሲሆን እጁን ኪሱ ይከታል። ደብረ ታቦር ላይ ይህን ማን ይነቅፍበታል? ማንም። ነገሩን ያበላሸውም ይኸው ነው።

ትርሐስ ከሪያድ በተመለሰች በሁለተኛው ዓመት ከከተማው ወጣ ብላ አሳማ ማርባት ጀመረች። ገዢዎቿ በመንገድ ሥራ ካምፑ ያሉ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ጎረቤት ጉድ አለ፤ ግቢዋን የሚረግጥ ጠፋ። ተቀጥሮ የገባላት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከእብናት የመጡት፣ ስድሳውን ያለፉት አያ ይሻው። እሳቸውም ቢሆኑ እንስሳቱን አይነኩም። መኖውንና ውኃውን ከግንቡ በላይ አሻግረው ገንዳው ውስጥ ይገለብጣሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ከመሳለማቸው በፊት ጠበል ይታጠባሉ፣ በቃ።

በጥር አጋማሽ አሳማዎቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። የኋላ እግራቸው ከዳቸው። በጎናቸው ወድቀው አየሩን ይቀዝፋሉ፣ ዓይናቸው ይርገበገባል። ቅዳሜ ጧት አለምነው ተጠርቶ ሲመጣ ሁለቱ ሞተው ነበር። ማድረግ ያለበትን አሳምሮ ያውቃል፤ የአንዱን ጭንቅላት ከፍቶ፣ ከአንጎሉ ናሙና ወስዶ፣ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ነው። ግን በማግሥቱ ሊቆርብ ቀጠሮ ነበረው። በአሳማ ደም የተነከረ እጅ ይዤ ነገ መቅደስ ልገባ ነው? አለ በልቡ። ከግንቡ ውጭ ቆሞ አንገቱን አስግጎ አየ። ውኃ ያጣ አሳማ፣ ጨው አንጎሉን ሲመርዘው ልክ እንዲህ እንደሚያደርገው መጽሐፍ ላይ አንብቧል። ገንዳውም በዚያች ሰዓት ደረቅ ነበር። ሌላ ምን ያስፈልጋል? «በውኃ እጦት የመጣ የጨው መመረዝ» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን አሳረፈበት።

ውኃ ሰጪው አንድ ሰው ስለሆነ ጥፋተኛውን መፈለግ አላስፈለገም። ትርሐስ ወረቀቱን አንብባ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወጣች።

«አያ ይሻው፣ ምን በደልሁዎ? ውኃ እንኳ ይነፍጓቸዋል?»

ሽማግሌው ግቢው መሐል ቆመው እጃቸውን ማዶ ወደሚታየው የኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዘረጉ።

«ኢየሱስን! ጧትም ማታም ቀድቻለሁ። አንድም ቀን አላጎደልሁም።»

አለምነው በሩ ላይ ሆኖ ሰማ። ተጠራጠረ፤ ግን ማኅተሙን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ሄደ። በማግሥቱ ነጭ ለብሶ ቆረበ። እጁ ንጹሕ ነበር።

አያ ይሻው በዚያው ቅዳሜ ተባረሩ። በታቦት በሐሰት ማለ የሚለው ወሬም ከእሳቸው ቀድሞ እብናት ገባ። የጽዋ ማኅበራቸው ሰዎች ንስሐ እስኪገቡ ድረስ ከመካከላችን አይቀመጡም ብለው አገዷቸው። አለምነው ይህን ከአንድ የእብናት እህል ነጋዴ ሰማ። ያም ሆኖ የጻፈውን ወረቀት እንዳለ ተወው።

ሰኔ ሲገባ ከባሕር ዳር ላቦራቶሪ ማስተዋል ደወለችለት። አብረው የተማሩ ናቸው።

«ሐሙሲት አጠገብ ያለ እርባታ አሳማዎች ተንቀጥቅጠው አለቁ» አለችው። «ቧንቧ ቀን ከሌት የሚፈስላቸው ናቸው። አንጎላቸው ውስጥ ቫይረስ አገኘን፣ አዲስ ነገር ነው። ግልገሎቹን የሸጠው ደግሞ ለትርሐስ የሸጠው ሰው ነው። የእሷዎቹን ናሙና ላክልኝ።»

«የለኝም።»

«እንዴት የለህም? አልከፈትሃቸውም?»

«አልከፈትኋቸውም» አላት። ያኔ ከፍቶ ቢልክ ኖሮ ሻጩ በጊዜ ይታገድ ነበር፤ የሐሙሲቶቹም ባልተነኩ። ይህ ከበደው። ይበልጥ የከበደው ግን ያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የተዘረጋ እጅ ነው። በራሱ አፈረ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

በማግሥቱ ለትርሐስ ሁሉንም ነገራት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ይቅርታውን ለእሳቸው ንገር እንጂ ለእኔ ምን ያደርግልኛል አለችው። አዲስ ወረቀት ጻፈ፣ የፊተኛው ስሕተት መሆኑን ገለጠ፣ በሚኒባስ ተሳፍሮ እብናት ወረደ። አያ ይሻውን ከልጃቸው ማሳ ዳር ድንጋይ ሲለቅሙ አገኛቸው።

«አያ ይሻው፣ ውኃውን ሰጥተዋቸዋል። የገደላቸው በሽታ ነው። እኔ ነኝ ሳልመረምር የጻፍሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

ይሰድቡኛል ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ቢሰድቡት ይቀለው ነበር። ሽማግሌው ግን የያዙትን ድንጋይ ቀስ ብለው አስቀመጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ማኅተም ነበረበት እኮ» አሉ።

«አዎ። የኔው ማኅተም ነው።»

«እኔማ የተማረ ሰው አይቶ የጻፈው ነው፣ ረስቼ ይሆናል አልሁ። እየቆየሁ ሳስበው አንድ ቀን የጎደለ መሰለኝ። በኋላማ እርግጠኛ ሆንሁ። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ፣ ውኃ ሳልሰጥ ሰጥቻለሁ ብዬ በታቦት ማልሁ አልኋቸው። ቀኖና ሰጡኝ። በዚህ ጉልበቴ አርባ ቀን ሰገድሁ። ማኅበሩም መለሰኝ።»

አያ ይሻው ቀና ብለው አዩት።

«ታዲያ ያኔ የማልሁት እውነት ነበር?»

«እውነት ነበር፣ አባቴ።»

አያ ይሻው ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ።

«እንግዲያ፣ ልጄ፣ የዋሸሁት ለንስሐ አባቴ ነዋ?»