በመስታወቱ ላይ የታየው ሽመና

የሰውን ሐሳብ እንደ ሲኒማ በመስታወት ላይ የሚያሳይ መሣሪያ ቀበሌ ገባ ሲባል ሽሮ ሜዳ ጭጭ አለች። በሦስተኛው ቀን ሸማኔው ቦዳ ተጠራ። ልጁ በድሉ በአብዮቱ ላይ ወረቀት በትኗል ተብሎ ይፈለግ ነበር።

ቦዳ ገና መንገድ ላይ ሳለ ቆርጧል፤ ከሽመና በቀር ምንም አያስብም። ሽቦ የተተበተበበትን ቆብ ሲደፉበት ዓይኑን ጨፍኖ የጥለቱን ክር መቁጠር ጀመረ፤ አራት ቀይ፣ ሁለት ቢጫ፣ አራት ቀይ። መስታወቱ ላይ ቦዳ ቤቱ ተቀምጦ ሲሸምን ታየ። «ልጅህ የት ነው?» ብለው ሲጮኹበት እንኳ መወርወሪያው ከግራ ቀኝ መመላለሱን አልተወም።

«ይሄ ደረቅ ሽማግሌ! በቃ፣ ልቀቁት» አለ መርማሪው ተናዶ።

የቀበሌው ዘበኛ ታረቀኝ ግን ዓይኑን ከመስታወቱ አልነቀለም። እሱም የዚያው ሰፈር የሸማኔ ልጅ ነው።

«ጋሽ ቦዳ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሸማኔ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ መርገጫውን ካልረገጠ አይሸምንም። እርስዎ ምነው እግርዎን አጣጥፈው ተቀመጡ?»

ቦዳ ቁጥሩ ጠፋበት። መስታወቱ ላይ፣ ከጉድጓዱ ውስጥ፣ ሁለት ዓይኖች ቀና ብለው አዩት።