የለቅሶ ቤት ድስት

ፍፁም ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ» ነው የሚለው። ፈጽሞ ውሸት ነው አይባልም፤ መኪና ይነካል። የሚነካው ግን ያለቦታው የቆመ መኪና ፈልጎ፣ በጎታች መኪና እያነሳ ለመውሰድ ነው። አውሮራ ከተማ ውስጥ መኪናው ተወስዶበት ያልተራገመ ሐበሻ ማግኘት ስለሚቸግር፣ ይህን ሥራ በአደባባይ የሚናገር የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ከቢሮ ተደውሎ፣ አንድ አፓርትመንት ግቢ ያለ ማቆሚያ ፈቃድ የቆመ ግራጫ ኮሮላ እንዲያነሳ ታዘዘ። ሰንሰለቱን ሊያስር ጎንበስ ሲል በመስኮቱ አየ። ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላ፣ ወለሉ ላይ ደግሞ በፎጣ የታሰረ ትልቅ ድስት አለ። እንዲህ ያለ ድስት የሚሄደው ለቅሶ ቤት ነው። ፍፁም ይህን አወቀ፤ አውቆም መኪናውን አነሳው። ባለቤቱ ሳይደርስበት ለመውጣትም ተጣደፈ።

ከሰዓት በኋላ የአክስቱ ልጅ ሰርካለም ደወለች። የወዳጃችን የበድሉ እናት አገር ቤት ዐርፈዋል፣ እሱም ጠዋት ተረድቷል፣ አብረን እንድረስ አለችው። አድራሻውንም ላከችለት። ጠዋት ኮሮላውን ያነሳበት ያው ግቢ ነበር። የራሱን መኪና ሁለት መንገድ አልፎ አቆመ፤ ደንቡን ከእሱ በላይ ማን ያውቃል።

ቤት ውስጥ ወሬው ሁሉ ስለ ኮሮላው ነው። የመኪናው ባለቤት ወይዘሮ አያልነሽ ናቸው፤ እንግልውድ ከተማ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ተቀጥረው ይሠራሉ። በድሉን አቅፈው አልቅሰው፣ ድስቱን የሚያወጣ ልጅ ቢልኩ መኪናው የለም። አንዱ፣ የወሰደው ሰው እጁ ይሰበር አለ፣ ሌላው አሜን አለ። ፍፁምም አብሯቸው ራሱን ነቀነቀ።

«ተዉ፣ አትራገሙ» አሉ ወይዘሮ አያልነሽ። «የሰው አገር ሰው ነው። የለቅሶ ድስት ምን እንደሆነ በምን ያውቃል?»

ከእርግማኑ ይልቅ ይህ አንገበገበው። ሰርካለም ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት፣ መኪናዎ ወደተወሰደበት ቦታ ፍፁም ያደርስዎታል አለች። በለቅሶ ቤት እምቢ አይባል ነገር። መንገዱን ሙሉ ሲመርቁት መግቢያ ጠፋው። ውጭ ልጠብቅዎት ቢልም፣ እንግሊዝኛው ያስቸግረኛል ብለው ይዘውት ገቡ።

የክፍያ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ገና ስታየው ፈገግ አለች፤ የወይዘሮ አያልነሽን የመኪና ወረቀት አየት አድርጋም በእንግሊዝኛ ጠየቀችው።

«ፍፁም፣ ጠዋት ያመጣኸውን ኮሮላ ነው የፈለጋችሁት?»

ያቺን የምታህል እንግሊዝኛ ለወይዘሮ አያልነሽ አላቃተቻቸውም። ሊከፍል ቦርሳውን ሲያወጣ እጁን ገፋ አድርገው ራሳቸው ከፈሉ። ቀድመውት ወደ መኪናቸው ሄዱ። በሩን ከፍተው ድስቱን አዩት፣ ከዚያ እሱን አዩት።

«አይተኸው ነበር?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። «አይቼዋለሁ» አለ።

«እንግዲያው አንተው ይዘኸው ትገባለህ።»

በየመኪናቸው ተመለሱ። ግቢው ሲደርሱ ድስቱን ከኮሮላው አውርዶ ደረጃውን ወጣ። እሳቸው ከኋላው ናቸው። በድሉ ሊቀበለው ብድግ ብሎ፣ እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፣ ደከምክ አለው። ፍፁም ድስቱን አለቀቀም።

«ጠዋት መኪናውን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለ። «ድስቱንም አይቼዋለሁ።»

ወይዘሮ አያልነሽ አንድ ቃል አላገዙትም። በድሉ የዘረጋውን እጅ ቀስ ብሎ መለሰ፤ ድስቱ ፍፁም እጅ ላይ ቀረ።