ለዘምዛሚዋ የታዘዘው ቅባት

እኛ ስፌት ቤት የግል የሚባል ነገር የለም። መቀሱም፣ ምሳውም፣ የራስ ምታት ክኒኑም የሁላችን ነው። ይሄ ፍቅራችን ነው እህቴን ሊያሳጣኝ የነበረው!

ታላቅ እህቴ ከአጠገቤ ነው የምትሰፋው። የወር አበባዋ ከቆመ ወዲህ ድንገት እሳት ይለቅባታል፤ ላቧ ጨርቁ ላይ ይንጠባጠባል፣ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። ሐኪም ቤት ብትሄድ ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ "ዕድሜ ነው እናቴ፣ ቻይው" አላት። ቻይው! ወንድ እንዲህ ቢነድ ኖሮ አገር ይታመስ ነበር።

ልብስ ዘምዛሚዋ ባልደረባችን አዘነችላትና ሐኪም ለራሷ ያዘዘላትን የሆርሞን ቅባት አካፈለቻት። "ሰውነታችን ራሱ ከሚሠራው ጋር አንድ ነው፤ ተፈጥሯዊ ነገር አይጎዳም" ብላ። እህቴ ተቀባች፣ ተኛች፣ መሳቅ ጀመረች። እኔም እሰይ አልኩ፣ ምን አውቄ!

ከወራት በኋላ ደም አየች። ሴቶቹ "እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጅነትሽ ተመለሰ!" ብለው አጨበጨቡላት። እኔ ግን ደሙ አላማረኝም፤ እየጎተትኩ ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት።

ሐኪሟ ማህፀኗን በመሣሪያ አይታ ፊቷ ጠቆረ። "ውስጡ ወፍሯል፤ ካንሰር መሆን አለመሆኑን ናሙና ወስደን እናያለን" አለች። ለካ ቅባቱ ኢስትሮጅን ብቻ ኖሯል። ማህፀን ላላት ሴት ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሌላው ሆርሞን ካልታከለበት ጉድ ያመጣል። ዘምዛሚዋ ማህፀኗ በቀዶ ጥገና ስለወጣ ለእሷ ብቻውን ይበቃታል።

"ታዲያ ለእኔ የሚሆን ነበር?" አለች እህቴ በቀጭን ድምፅ።

"ነበር እንጂ! መርምረን፣ ሁለቱን አመጣጥነን፣ እየተከታተልን እንሰጥዎት ነበር።"

ደሜ ፈላ። መድኃኒቱ እያለ ነው ቻይው የተባለችው!

ውጤቱ እስኪመጣ እህል በአፌ አልዞረም። ካንሰር አልሆነም፣ ተመስገን፤ ብትዘገይ ግን እንጃላት ተባልን። በማግስቱ ስፌት ቤት መሐል ቆሜ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ዘምዛሚዋ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ስጨርስ ልብስ በካውያ የምትተኩሰው ባልደረባችን ጠጋ ብላ፣ "የእህትሽ የተረፈ ቅባት ካለ ለእኔ ስጪኝ" አለችኝ በጆሮዬ።

"አንቺ ሴትዮ፣ አልሰማሽም እንዴ?!" ጮህኩባት።

"ሰምቻለሁ" አለች፤ ፊቷ በላብ ርሷል። "እኔንም ግን ቻይው ነው ያሉኝ።"

ካውያውን ከሶኬቱ ነቀልኩና እጇን ይዤ ወደ እህቴ ሐኪም ወሰድኳት።