ስምንት ትውልድ

ማዘርቦርዱ የመጣው በነጠላ ተጠቅልሎ ነበር። አቶ ወልደ ሥላሴ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ድረስ ጭናቸው ላይ አድርገው አምጥተውት፣ ያረጋል የኮምፒውተር መጠገኛ ጠረጴዛ ላይ በሁለት እጃቸው አስቀመጡት። ቀጥለው ከኮታቸው ኪስ እላዩ ላይ የሚሰካው ፕሮሰሰር ያለበትን ትንሽ ካርቶን አውጥተው አጠገቡ አኖሩ። ያረጋል ወንበሩን በእጅጌው ጠርጎ «ይቀመጡ» አላቸው። ባለፈው ዓመት ሽማግሌ ልኮ ልጃቸውን ትርሲትን ለትዳር የጠየቀው እኚህን ሰው ነበር።

ያን ጊዜ ዘር ተቆጠረ። አቶ ወልደ ሥላሴ በአገሩ የታወቁ ዘር ቆጣሪ ናቸው፤ ሰባት ቤት ያልሞላ አይጋባምና ስንቱን ሠርግ አስቀርተዋል። የገዛ ልጃቸውንም አልማሩም። የትርሲት ቅድመ አያት ውዳሴ ከያረጋል ወገን ቤት የተወለደች ናትና በስድስተኛው ቤት ይገናኛሉ አሉ። የውዳሴን ስም ከመጥራታቸው በፊት ጥቂት ማመንታታቸውን ያረጋል አይቷል። ግን ሽማግሌን ደግመው ይቁጠሩ አይባልም። ነገሩ በአንድ ቤት ጎድሎ ቀረ።

«ትርሲት የቤት ፕላን የምትሠራበት ነው» አሉ አሁን ወደ ዕቃዎቹ እያመለከቱ። «ከዚያ ወዲህ ከሰው አትቀላቀልም። እቤቷ ሆና ትሥራ ብዬ ዕቃውን ራሴ ከባሕር ዳር መረጥሁ። ቡሬ የሚገጥምልኝ አጣሁ።»

ያረጋል ሁለቱንም በአጉሊ መነጽር አየ። ደግሞ አየ።

«ጋሼ፣ እነዚህ አይገጥሙም።»

«እንዴት ተደርጎ! ትውልዱን ጠይቄ እኮ ነው። ፕሮሰሰሩ አሥራ ሁለተኛ ትውልድ ነው አለኝ ሻጩ። እንግዲያው ማዘርቦርዱን ከሱ የራቀ ስጠኝ አልሁት። አራተኛ ሰጠኝ። ስምንት ትውልድ አራርቄ ነው የገዛሁት!»

ያረጋል ሳቁ መጣበት። ወዲያው ደግሞ አንጀቱን በላው፤ ሽማግሌው ለልጃቸው ደግ ነው ብለው የሚያውቁትን ነበር ያደረጉት።

«እዚህ ግልባጩ ነው፣ ጋሼ። ማዘር ማለት እናት ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚመረጠው እሷን እያዩ ነው። የሚገጥመው የቀረበው ነው።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ደነገጠ። ዓመት ሙሉ ሊላቸው የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ በዕቃ አሳብቦ የተናገረው መሰለውና አፈረ።

«በግድስ ቢገባ?» አሉ ዐይን ዐይኑን እያዩ።

«የማዘርቦርዱ መሰኪያ ውስጥ ጸጉር የሚያህሉ እግሮች አሉ፤ ይታጠፋሉ። ከዚያ ወዲያ ለማንም አይሆንም። በግድ አልገጥምም።»

ሽማግሌው «እንሞክረው» የሚል መልስ ጠብቀው ነበር።

«ትውልዱን ግን በምን አወቅኸው? እኔስ ሻጩ ነገረኝ።»

«የሻጭ ቃል አልይዝም። ይኸው፣ ገላው ላይ ተጽፏል» ብሎ መነጽሩን ሰጣቸው።

ጎንበስ ብለው ደቃቁን ጽሕፈት በጣታቸው ተከተሉት። ፊደሉ ባይገባቸውም መኖሩን አዩ።

«የዕቃው ገላው ላይ አለ» አሉ ቀስ ብለው። «የሰው በቃል ነው።»

ያረጋል መነጽሩን ከእጃቸው ተቀበለ።

«የውዳሴን ትውልድ የነገረኝ አባቴ ነው። በእናንተ ወገን ቤት አደገች እንጂ አልተወለደችም የሚሉም ነበሩ። ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ዘር ቆጣሪ ተሳሳተ እንዳልባል ተውሁት።» ተነሡ። «አክስቴ እማዋይሽ ያውቃሉ። እስካሁን በሕይወት አሉ፤ ሽንዲ ናቸው። ተወልዳለች ካሉኝ ግን ያው ነው፤ ተስፋ እንዳታደርግ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለ። ተስፋ ግን ቀድሞ አድርጎ ነበር።

ማዘርቦርዱን ሊጠቀልልላቸው ነጠላውን ሲያነሣ እጁን ያዙት፤ ነጠላውን ብቻ ተቀበሉት።

«እዚሁ ይቆይ። እስክመለስ ለማዘሯ የሚስማማውን ፈልግላት።»

ያረጋል ደጃፉ ላይ ቆሞ በዐይኑ ሸኛቸው። ከደጃፉ ፊት ለፊት የቆመው የቡሬ ሚኒባስ ዘንድ ሲደርሱ ወዲያው አልተሳፈሩም፤ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ሹፌሩ መስኮት ጎንበስ አሉ።

«ከቡሬ ሽንዲ መኪና እስከ ስንት ሰዓት ይገኛል?» ሲሉ ሰማቸው።