ካፖርቱን አትከተል

ማክሰኞ ዕለት ልጄ ሙኒብ ከኮሌጅ መጥቶ፣ ሩዙን በአፉ ሙሉ እየጎረሰ፣ «ማሚ፣ ኮች ስፓይ አደረገኝ» አለኝ።

ጭልፋው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «ምን አደረገህ?»

«ስፓይ! ቅዳሜ። አይም ስታርቲንግ!»

ስፓይ ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ ማንም አያስረዳኝም። ሰላይ ነው። ጆሮ ጠቢ። እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ፣ አብነት ነው። በእኛ ሰፈር ሰውን ሌባ ብለህ ብትሰድበው ይጣላሃል፣ በሳምንቱ ትታረቃለህ። ጆሮ ጠቢ ካልከው ግን አለቀ፣ ለልጁ እንኳ የሚድርለት አያገኝም።

«ማንን ልትሰልል ነው? አብረውህ የሚማሩትን ነው? መስጊድ የሚሰግዱትን ነው? ተናገር!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ለዚህ ነው አሳድጌ ኮሌጅ ያገባሁህ?»

ባሌ ሱሩር የኤርፖርት ሻትል ነው የሚነዳው፤ ቤት ሲገባ ጸጥታ ይወዳል። ከስልኩ ቀና ብሎ፣ «ኧረ ዛኪያ ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል» አለኝ።

«ይስማ! ልጅህ ጆሮ ጠቢ መሆኑን ከእኔ ይስማ!»

ሙኒብ ሩዙ ትን እስኪለው ሳቀ። «ማሚ፣ ፉትቦል ነው እኮ! ኳርተርባኩን ነው የማየው። ጀስት ዋች ሂም።»

«ሌላስ ምን ትሠራለህ?»

«ሌላ የለም። እሱን ብቻ።»

«ሳትነካው?»

«እስኪሮጥ ድረስ።»

ንዴቴ አሥር ደቂቃም አልቆየም። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ቶሎ እናደዳለሁ፣ ግን ከንዴቴ ይልቅ የሚገለኝ የማወቅ ጉጉቴ ነው። አራት ዓመት ሙሉ የልጄን ቡድን፣ ኳሱን በእጅ የሚጫወቱትን የአሜሪካኖቹን ፉትቦል፣ ለማየት እየሄድኩ፣ ሰው ሲያጨበጭብ አጨብጭቤ፣ ሰው ሲነሳ ተነስቼ መጥቻለሁ። ምኑም አይገባኝም ነበር። ይግባኝ ብልስ? ሙኒብ ቤንች ላይ ነው የሚቀመጠው። አሁን ግን ዋናው ተጫዋች ተጎድቶ ልጄ ሊገባ ነው፤ ያውም የመጨረሻ ዓመቱ ነው፣ የቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ናቸው። ሥራው ደግሞ አንድ ሰው ማየት ብቻ ነው ይለኛል። ይሄ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?

በማግስቱ ሥራ ስገባ ጋሼ ሀብተጊዮርጊስን ያዝኳቸው። ዳውንታውን ዴንቨር አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እኔ መውጫው ላይ ነኝ፣ እሳቸው ሴኪዩሪቲ ናቸው። ሠላሳ ዓመት እዚህ አገር ሲኖሩ አንድ ጨዋታ አምልጧቸው አያውቅም ይባላል።

«ጋሼ፣ ስፓይ ምንድነው? የፉትቦሉን ማለቴ ነው።»

ዓይናቸው በራ። መልስ ሳይሰጡኝ ሄደው መኪና የምናግድባቸውን ብርቱካናማ ኮኖች እየጎተቱ አመጡና መሬቱ ላይ ደረደሯቸው።

«ይሄ ኳርተርባኩ ነው። ኳሱ ሁልጊዜ ከእሱ ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ለጓደኞቹ ይወረውራል። እነዚህ ጓደኞቹ ናቸው፣ ወዲያና ወዲህ ይበተናሉ። የእናንተ ልጆች ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰው ይዘው አብረው ይሮጣሉ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«ሰው ተከትሎ የሚሮጥ ሰው ፊቱን ወዴት ያዞራል?»

«ወደሚከተለው።»

«አዎ! ለኳርተርባኩ ጀርባውን ሰጠ ማለት ነው። ኳርተርባኩ የማይሮጥ ከሆነ ችግር የለም። የሚሮጥ ከሆነ ግን፣» አሉና ኮኗን አንስተው በመሐል እየሮጡ አሳለፏት፤ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ «ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶታል፣ ማን ያየዋል? ስለዚህ አንድ ሰው ማንንም ሳይከተል ይቀራል። እሱ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ። ያ ነው ስፓይ።»

«እና ልጄ ቆሞ ሲያይ ሊውል ነው?»

«ከባዱ እሱ ነው፣ ዛኪያ! ሌላው ሁሉ ሲሮጥ አለመሮጥ።»

ከኋላ ሦስት መኪና ጡሩምባ ይነፋብናል። ኮኖቹን አንስተን አሳለፍናቸው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ እሱን ሳስብ ዋልኩ። ያን ሁሉ ሰው የሚያሸብር አንድ ልጅ፣ እሱን ደግሞ ዝም ብሎ የሚያይ ሌላ ልጅ።

ሐሙስ ሙኒብ ፊቱን አጥቁሮ መጣ። ልምምድ ላይ ሰባት ጊዜ ሞክረውት ስድስቱን ተሸውዷል። ኮቹ፣ ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ከተሸወድክ ትወጣለህ፣ ሌላ ልጅ ይገባል ብሎታል።

«እንዴት ነው የሚሸውዱህ? አሳየኝ» አልኩት።

«ማሚ፣ ፕሊስ።»

«አሳየኝ አልኩህ!»

ኦሮራ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ነው አፓርትመንታችን። ሦስታችን ወደ ፓርኪንጉ ወረድን። ኳስ ስለሌለ የሶፋ ትራስ ያዝን። እኔን ኳርተርባክ አደረገኝ፣ ጉልበቱን የሚያመውን ሱሩርን ደግሞ ሯጭ። ሱሩር በአጠገቤ ሲያልፍ ትራሱን ሆዱ ውስጥ እከትለታለሁ፤ ከፈለግኩ እለቅለታለሁ፣ ካልፈለግኩ መልሼ ስቤ ራሴ እሮጣለሁ። ሱሩር ግን በሁለቱም እጁ ሆዱን ታቅፎ ኳስ እንደያዘ ሰው መሮጥ አለበት።

ሱሩር ታቅፎ እያነከሰ ሮጠ። ሙኒብ ዘሎ አባቱን ያዘው። ትራሱ እኔ ጋ ነበር። ደገምን። አሁንም አባቱን ያዘው። በእኔ በሃምሳ አራት ዓመት ሴት፣ በቀሚስና በነጠላ ጫማ ተሸወደ! ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች በረንዳ ላይ ወጥተው ይስቃሉ።

«ምኑን ነው የምታየው አንተ?» አልኩት።

«ኳሱን። የገባበትን ሆድ።»

ያኔ ነው አባቴ ትዝ ያለኝ። ለሙኒብ ስለ አያቱ ብዙም ነግሬው አላውቅም። እዚያው አስፋልቱ ላይ ነገርኩት።

እኔ ሰባት ዓመቴ ሳለ፣ በደርግ ጊዜ፣ አባቴ ባሕሩ ይፈለግ ነበር። ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ደጃፍ አንድ የቀበሌ ጆሮ ጠቢ ጋዜጣ ዘርግቶ ይውል ነበር። አባቴ መውጣት ሲፈልግ ለአጎቴ የራሱን ግራጫ ካፖርት ያለብሰዋል፣ ባርኔጣውንም ይደፋለታል። አጎቴ በፊት በር ይወጣል። ሰውየው ጋዜጣውን አጥፎ ካፖርቱን ይከተላል። አባቴ ደግሞ በጓሮ በኩል ውልቅ ይላል። ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርጎ አምልጧል። በአራተኛው ተያዘና ሁለት ዓመት ታሰረ።

ሙኒብ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ግራንድፓ? ሪድ ኦፕሽን? የሚሸውዱኝ በዚሁ እኮ ነው!»

«ምን እንደምትለው አላውቅም። አባትህ አሁን ካፖርቱ ነው። ካፖርቱን አትከተል።»

«እና ምኑን ልይ?»

እኔም አሰብኩ። አባቴ ምኑን መደበቅ አልቻለም ነበር? «እግሩን» አልኩት። «እጅ ይዋሻል፣ ፊትም ይዋሻል። እግር ግን መሄጃው ላይ ነው ልቡ።»

ደጋግመን ሞከርን። አራት ጊዜ ተሸወደ፣ ሦስት ጊዜ ያዘኝ። ስምንተኛው ላይ ሱሩር ጉልበቴን ብሎ ተቀመጠ።

ቅዳሜ ደረሰ። ስታዲየሙ ትንሽ ነው፣ የቤተሰብ መቀመጫው ከሜዳው አጥር ብዙም አይርቅም። የዚያኛው ቡድን ኳርተርባክ ቀጭን ልጅ ነው፣ ስድስት ቁጥር። ሲሮጥ መሬቱን የሚነካ አይመስልም። ወላሂ፣ ጠላት ቢሆንም ያምራል።

ገና በመጀመሪያው ልጄ ተሸወደ። ካፖርቱን ተከተለ፤ ስድስት ቁጥር በሌላው በኩል እስከ መጨረሻው መስመር ሮጠ። ኮቹ ለሙኒብ አንድ ጣቱን አነሳለት። አንድ ማለቱ ነው። አንድ ቀረችህ።

ከዚያ በኋላ ግን ልጄ ቆመ። ስድስት ቁጥር ወደ ቀኝ ሲያይ ሙኒብ እዚያ ነው፣ ወደ ግራ ሲያይ እዚያ ነው። ልጁ ሊሮጥ ይልና ይተወዋል፤ ይወረውራል፣ ኳሱ ሰው አያገኝም። ይህን ሁሉ የሚያየው እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ፤ የድምፅ ማጉያው የሙኒብን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራውም። ሱሩር ጠጋ ብሎ፣ «ልጃችን እኮ ምንም አልሠራም» አለኝ።

«ዝም በል! እሱ ምንም ሳይሠራ ያኛውም ምንም አልሠራም። አይገባህም?»

አንድ ደቂቃ ሲቀር በአራት ነጥብ እንመራለን። እነሱ ግን እኛ ወደተቀመጥንበት ጥግ ደርሰዋል፣ የቀራቸውም አንድ ሙከራ ነው። ገቡ አሸነፉ፣ ቆሙ ተሸነፉ። እኔ መቀመጥ አቅቶኝ ወርጄ አጥሩን ያዝኩ። ያ ረቢ፣ አራት ዓመት የጠበቀውን ልጅ በዚህች አታሳፍረው እላለሁ።

ጀመሩ። ስድስት ቁጥር ኳሱን የሯጩ ሆድ ውስጥ ከተተው። ሯጩ ሆዱን ታቅፎ ወደ መሐል ገባ። የእኛዎቹ ሁሉ ላዩ ላይ ተረባረቡ። ሙኒብም አንድ እርምጃ ወደዚያው ሄደ፤ አየሁት። ስድስት ቁጥር ኳሱን ከጭኑ ኋላ ደብቆ፣ ምንም እንዳልያዘ ሰው ቀስ ብሎ፣ ብቻውን ወደ እኔ ወደ አጥሩ ጥግ መጣ። ፊቱን አየሁት። ትንፋሹን ውጧል። የሚያመልጥ ሰው ፊት ነው።

አፌ ከእኔ ቀድሞ ተከፈተ። «አምልጥ!» ብዬ ጮህኩ። «ሩጥ! አምልጥ!»

ሙኒብ ዞረ። ሁለት እርምጃ፣ ሦስት፣ ከዚያ ልጁን ወገቡን አቅፎ መስመሩ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ጣለው። ስታዲየሙ ተነሳ። ሱሩር በሚያመው ጉልበቱ ይዘላል። ድምፅ ማጉያው ለመጀመሪያ ጊዜ የልጄን ስም ጠራው፣ አጠራሩን አበላሽቶ። እኔ አጥሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሙኒብ ተነስቶ ለስድስት ቁጥር እጁን ዘረጋለትና ጎትቶ አቆመው። ልጁ የሙኒብን ትከሻ መታ አድርጎ ሄደ።

ጨዋታው አልቆ ቤተሰብ ወደሚጠብቅበት ሲመጣ ፊቱ በሣርና በላብ ተለውሷል። ኮቹ አንገቱን አንቆ ስሞት ነው የለቀቀው። «ማሚ! አየሽኝ?»

መዋሸት እችል ነበር። «አላየሁህም» አልኩት። «እሱን ነበር የማየው። አምልጥ ብዬ ጮህኩለት፣ ይቅር በለኝ።»

«ሰማሁሽ እኮ!» ብሎ ሳቀ። «ኳሱ ጠፍቶብኝ ነበር፣ ስዌር። እግሩንም አላየሁትም። ከዚያ ያንቺን ድምፅ ሰማሁ፣ አምልጥ ስትይ። ማንን ነው የምትለው? ዞርኩ። ባንቺ ነው የያዝኩት፣ ማሚ! ታንክ ዩ!»

ሱሩርም ሳቀ። እኔ ግን አጠገቤ ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለ ሱሩር።

ለሱሩር እንኳ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ነግሬው አላውቅም። እንዴት እንደወጣ አላውቅም፣ ወጣ። «በአራተኛውም ጊዜ ሰውየው ካፖርቱን ተከትሎ ነበር» አልኩ። «አጎቴን ተከትሎ እስከ መታጠፊያው ሄዷል። እኔ ጓሮ በር ላይ ስጫወት አባቴ ሲወጣ አየሁት። ደስ አለኝ። አባዬ፣ ከረሜላ እንዳትረሳ! ብዬ ጮህኩ። ሰውየው ዞረ።»

ሱሩር አጠገቤ ተቀመጠ።

«አባቴ ከእስር ወጥቶ እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተናገረኝም። ሲፈታም ከረሜላ ይዞልኝ ነው የመጣው።»

እዚያ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ድል አድርጎ ሲጨፍር እኔ በነጠላዬ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። ሙኒብ ከነትከሻ መከላከያው መሬት ላይ ተንበረከከና ትልልቅ እጆቹን ጉልበቴ ላይ አደረገ። እንግሊዝኛ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ፤ ሲጨንቀው ወደ እንግሊዝኛ ነው የሚሸሸው።

«ሰባት ዓመትሽ ነበር እኮ፣ ማሚ» አለኝ።

አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ለራሴ ብዬው አላውቅም።