ጀውሃ ላይ የተገናኙ እንግዶች

ጣልያን ሮቢት ላይ ድንኳኑን ተክሎ ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ የይፋት ቆላ ሰው ሁሉ አንድ ሐሳብ ያዘው፤ ክፉ ቀን ከመጣ የት ይገባል? ሀብታሙ ደጋ ላይ ዘመድ እንዳለው ትዝ አለው። ዘመድ የሌለው ዋሻ ፈለገ። ዋሻው ውስጥ ደግሞ ቀድሞ የገባ ጅብ ነበር፤ እሱም ሌላ መሄጃ አልነበረውም።

ሮቢት አጠገብ የሚኖረው የቀወቱ ገበሬ ዘርትሁን ግን ዋሻ አያስፈልገውም። አጣዬ አጠገብ ሷሊሕ የሚባል ወዳጅ አለው። ዘርትሁን ማሽላውን ጭኖ አጣዬ ገበያ ሲወጣ ከሷሊሕ ቤት ያድራል፤ ሷሊሕም ፍየሉን እየነዳ ሮቢት ሲወርድ ከዘርትሁን ቤት ያድራል። አንዱ ክርስቲያን፣ አንዱ እስላም ስለሆኑ በየቤታቸው ለወዳጅ ተብሎ የተሰቀለ፣ የቤቱ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ድስት አለ። አባቶቻቸውም እንዲሁ ነበሩ።

የዘርትሁን ሚስት ትርንጎ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር። ስለ መሸሻው ሲነሣ ቃሏ አጭር ነው።

«ሜዳ ላይ አልወልድም። ዋሻም አልወልድም። ጣራ ያለው፣ በሩ የሚዘጋ፣ ወልዳ የምታውቅ ሴት ያለችበት ቤት ፈልግልኝ። አለዚያ እዚሁ እቀመጥና የጣልያን ሶላቶ መጥቶ ያዋልደኝ።»

ዘርትሁን ይህን ሰምቶ ወደ አጣዬ ገበያ ወጣ። ችግሩ ግን በዚያ አገር ጨዋ ሰው «ልምጣ» አይልም፤ «ና» ነው የሚለው። የተጠራው ደግሞ «የለም፣ አንተ ና» ይላል። ነገሩ የሚያልቀው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ሷሊሕን ከፍየል ተራ ገለል አድርጎ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ሚስትህንና ልጆችህን ይዘህ ና፣ ቤቴ ቤትህ ነው አለው። ሷሊሕም እንደተጠበቀው፣ የለም፣ እናንተ ናችሁ ወደ እኔ የምትመጡት አለ። ዘርትሁን እሺ አለ። ሷሊሕም ወዳጁን ላለማሳፈር ለእሱ ጥሪ እሺ አለ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተለያዩ።

ለካስ ሷሊሕም ሰሞኑን በዚሁ ሐሳብ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ጅብ ዋሻው ደጃፍ ያለችውን አህያ አይበላም የሚል እምነት አለው፤ ስለዚህ ከጣልያን መሸሻው ጣልያን አጠገብ፣ ሮቢት ነው ብሎ ቆርጧል።

ባሏ ከገበያ ሲመለስ ትርንጎ፣ እነሱም ተጠርተው እሺ ካሉ ቢመጡስ ብላ ጠየቀችው። የይሉኝታ እሺ ነው፣ የሰው እሺ አይጠፋኝም አላት። አጣዬ ላይ የሷሊሕ ሚስት ዙሀራ ይህንኑ ጠየቀች፤ ይህንኑ መልስ አገኘች።

በታኅሣሥ ወሬው መጣ። መንገድ ዳር የጣልያን ካሚዮን ተቃጥሏል፣ ሶላቶ በነጋታው መንደር ሊያቃጥል ይወጣል ተባለ። በየትኛው መንደር እንደሚጀምር ወሬው አልተናገረም። የሮቢት ሰው በእኛ ነው አለ፤ የአጣዬም ሰው በእኛ ነው አለ።

ዘርትሁን ትርንጎን በተዋሰው በቅሎ ላይ አስቀምጦ፣ ወፍጮውን አህያ ላይ ጭኖ በሌሊት ተነሣ። ሷሊሕ በበኩሉ የቤቱን በር ነቅሎ ተሸከመ። ቤቱ ቢቃጠል በሩ ይተርፋል ነው ምክንያቱ። ዙሀራና ልጆቹ ፍየሎቹን እየነዱ ተከተሉት።

ረፋዱ ላይ ጀውሃ ወንዝ መሻገሪያው ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

ሰላምታው ረጅም ነበር። ሷሊሕ በሩን እንደተሸከመ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራውና ስለ ዝናቡ ጠየቀ። ዝናብ ካቆመ ቆይቷል፤ ግን ደህና ነው ተባለ። በሩን ማውረድ ነገሩን ማመን መስሎ ስለታየው ላብ በላብ ሆኖ ቆሞ ቀረ።

«ወዴት ነው?» አለ ዘርትሁን በመጨረሻ።

«ገበያ ነዋ።» የገበያ ቀን አልነበረም።

«በሩስ?»

«ገዢ ከተገኘ ብዬ ነው። አንተስ፣ ይህ ወፍጮ ምንድን ነው?»

«ድንጋዩ ልሟል፣ ላስወቅረው። አጣዬ ጎበዝ ወቃሪ አለ ሲሉ ሰማሁ።»

«አጣዬ ወቃሪ የለም። እኛም የምናስወቅረው ሮቢት ወርደን ነው» አለ ሷሊሕ፤ ካለ በኋላ ወዳጁን ማሳጣቱ ገብቶት፣ ምናልባት ሰሞኑን መጥቶ ይሆናል ብሎ አስተካከለ።

ትርንጎ ከበቅሎዋ ላይ ሆና ወገቧን ያዘች።

«ጋሼ ሷሊሕ፣ እኛ አንቱ ቤት ልንገባ ነው የመጣነው። እናንተስ?»

የመለሰችው ዙሀራ ናት። «እኛም እናንተ ዘንድ፣ እህቴ።»

ሷሊሕ በሩን አወረደ።

የሚበልጠው ውርደት ከዚህ በኋላ ነው የመጣው፤ ሁለቱም የጠሩትን እንግዳ መንገድ ላይ አስቀርተው ተገኙ። ሷሊሕ ወላሂ፣ ዛሬ ከእኔ ቤት በቀር ሌላ አታድሩም አለ። ዘርትሁን በሚካኤል፣ ከእኔ ቤት በቀር እናንተም ሌላ አታድሩም አለ። መሐላ ከአፍ ከወጣ አይመለስም። ሷሊሕ የዘርትሁንን አህያ ወደ አጣዬ ይጎትት ጀመር፤ ዘርትሁን የሷሊሕን ፍየሎች ወደ ሮቢት ነዳ። ፍየሎቹ የሁለቱንም ግብዣ ትተው ወንዙ ዳር ወዳለ የማሽላ ማሳ ገቡ።

ትርንጎ ብቻዋን ከበቅሎዋ ወረደች። ዙሀራ አንድ ጊዜ አየቻትና ክንዷን ደገፈቻት።

«እንግዲህ አንዴ ምላችኋል» አለች ትርንጎ ጥርሷን ነክሳ። «ሁለታችሁም እዚሁ ቤት ሥሩ። ጋሼ ሷሊሕ ወደሚሠሩት ቤት እኛ እንገባለን፤ አንተ ወደምትሠራው እነሱ ይግቡ። መሐላችሁ ይጠበቃል፣ እኔም ጣራ አገኛለሁ። ግን ልጁ መሐላ አያውቅም፤ ፍጠኑ።»

ማሳው ታጭዶ አገዳው ተከምሯል፤ ግራሩ ዳርና ዳር ነው። ሥራው በፍጥነት ቢጀመርም ለእንግዳ የሚሠራ ቤት በመሆኑ መበላለጥ መጣ። አንዱ ቀጥ ያለ እንጨት ሲቆርጥ ሌላው ከዚያ ቀጥ ያለ ፍለጋ ይሄዳል። ሷሊሕ ከሁሉ በፊት በሩን ተከለ። ግድግዳ ሳይኖር በር ብቻውን ሜዳው ላይ ቆመ፤ ልጆቹም በእሱ በኩል እየወጡ እየገቡ፣ በጎን ያለፈውን ይከሱ ነበር።

በዚህ መካከል ግመል የሚስብ ሰውዬ ከሮቢት በኩል መጣ። የሶላቶው ካሚዮን በሌሊት ገና ከመውጣቱ አሸዋ ውስጥ ሰጥሞ፣ ሲገፉት አድረው አሁን ተኝተዋል አለ። ቀጥሎ ጎጆዎቹን አይቶ የማን እንደሆኑ ጠየቀ።

«ይህ የእኔ ነው» አለው ሷሊሕ፤ «እሱ ነው የሚኖርበት። ያኛው የእሱ ነው፤ እኔ እኖርበታለሁ።»

«እና ሶላቶው ከተኛ ለምን ወደ ቤታችሁ አትመለሱም?»

«መሐላ አለብን» አለ ዘርትሁን። ሰውዬው ግመሉን ቸኮል አድርጎ ሳበ።

ጣራው ሲከደን ሷሊሕ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ልብሱን አራግፎ፣ ቤት ለእንግዳ፣ ግቡ፣ ቤታችሁ ነው እያለ ወግ ጀመረ። ዘርትሁን ደግሞ እናንተ አስቀድማችሁ የእኔ ቤት ካልገባችሁ አንገባም አለ። አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም ሲባባሉ ትርንጎ በሁለቱ መካከል አልፋ ገባች። ዙሀራ ተከተለችና በሩን ዘጋችው። በሩ ደህና አድርጎ ይዘጋል፤ ሷሊሕ ራሱ ነው የጠረበው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ዙሀራ እልል ብላ ብቅ አለች።

«ሴት ናት። እናቲቱም ደህና ናት። ወንድ ወደዚህ እንዳይደርስ።»

ወንዶቹ ወደ ሁለተኛው ጎጆ ዞሩ።

«ወደዚያም አይሆንም» አለች። «ገንፎው የሚገነፋው እዚያ ነው፤ ልጆቹም እዚያው ናቸው።»

ለሁሉ ማረፊያ ሲያስቡ የከረሙት ሁለቱ ሰዎች ግራር ሥር ቀሩ። ሷሊሕ ይህ ጥላ የሚወድቀው ከእኔ ቤት ደጃፍ ነው፣ ስለዚህ እኔ ቤት ነህ አለ። ዘርትሁን የእኔ ጓሮ ነው፣ እኔ ቤት ነህ አለ። መሐላው በዚህ ተፈጸመ። ከጭነቱ ላይ አንድ ቁርበት ተገኘና ተነጠፈ።

«አንተ ተኛበት» አለ ዘርትሁን። «በር ተሸክመህ ነው የመጣኸው።»

«ኧረ አንተ። ልጅ የተወለደልህ አንተ ነህ።»

እንዲህ ሲባባሉ ደክሟቸው አንዱ ከቁርበቱ ወዲህ፣ አንዱ ከቁርበቱ ወዲያ አሸዋው ላይ ጋደም አሉና እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቁርበቱ መካከላቸው ባዶውን ተዘርግቶ ቆየ። ኋላ አንዲት ፍየል ከማሳው መጥታ ተኛችበት። እሷ ነይ የሚላት አልጠበቀችም።